የተጋጣሚን ጭንቅላት የጎዳ ተጫዋች እንዴት ይቀጣል? ስለ አውስትራሊያ ፉቲ ጥያቄና መልስ

መላሽ፦ በሜልበርን በአንድ የአካባቢ ሊግ የዲሲፕሊን ችሎት ላይ ለዓመታት ተቀምጫለሁ። በአውስትራሊያ ፉቲ፣ ማለትም በእጅም በእግርም በሚጫወተው የአውስትራሊያ እግር ኳስ፣ የተጋጣሚውን ጭንቅላት የሚጎዳ ተጫዋች በምን አግባብ እንደሚቀጣ የምትጠይቁኝን እመልሳለሁ። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ አደራ እላለሁ፤ ጥፋቱንና ጉዳቱን ለያይታችሁ ጠይቁ። አንዱ ራሱን ስቶ ስለወደቀ ብቻ ሌላው አጥፍቷል አይባልም፤ ማንም ስላልተጎዳም ጥፋት አልተፈጸመም አይባልም። ስለ አንድ ውሳኔ ስትጠይቁ የተጫዋቹን ስምና ዓመቱን ጥቀሱ፤ መመሪያው በየጊዜው ይሻሻላልና። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጀማሪ ተመልካች፦ ጋሼ፣ ለጨዋታው አዲስ ነኝ። ዳኛው ቀይ ካርድ የማያወጣው ለምንድን ነው? ቅጣቱንስ የሚወስነው ማን ነው?

መላሽ፦ የፉቲ ከፍተኛው ሊግ በሆነው በኤኤፍኤል ደረጃ ቀይ ካርድ የለም፤ ተጫዋች ከሜዳ የሚያስወጡ አንዳንድ የአካባቢ ሊጎች ናቸው። ከጨዋታው በኋላ የጨዋታ ገምጋሚው ሹም ቪዲዮውን አይቶ ሦስት ነገሮችን ይመዝናል፤ ድርጊቱ ሆን ተብሎ ነው ወይስ በቸልተኝነት፣ ምቱ ያረፈው ጭንቅላት ላይ ነው ወይስ ሌላ አካል ላይ፣ ክብደቱስ ምን ያህል ነው የሚሉትን። በ2024 በተሠራበት ሠንጠረዥ መሠረት በቸልተኝነት ጭንቅላትን የመታ ተጫዋች፣ ምቱ ቀላል ከተባለ በገንዘብ፣ መካከለኛ ከተባለ በ1 ጨዋታ፣ ከባድ ከተባለ በ2 ጨዋታ እገዳ ይቀጣል። እጅግ ከባድ ከተባለ ጉዳዩ በቀጥታ ወደ ችሎት ይሄዳል፤ ጥፋተኛ ከተባለም ቅጣቱ ከ3 ጨዋታ አያንስም። የችሎቱን ውሳኔ ያልተቀበለ ክለብ ለይግባኝ ሰሚው ቦርድ ማመልከት ይችላል።

አሮጌ ተከላካይ፦ በእኛ ጊዜ በትከሻ መግጨት የጨዋታው ክብር ነበር። አሁን ሁሉም ነገር ቅጣት ሆነ፤ ጨዋታው ለሰለሰ።

መላሽ፦ ይህ ጥያቄ አይደለም። የድሮው ዘመን ቅጣት አልነበረውም ለሚሉ ግን አንድ ነገር ላስታውስ። በ1985 ሊ ማቲውስ ኳስ በሌለበት ኔቪል ብሩንስን መትቶ መንጋጋውን ሲሰብረው፣ ሊጉ ለአራት ሳምንት ምዝገባውን ሰርዞበታል፣ ፖሊስም ከሶታል። በትከሻ መግጨት ዛሬም አልተከለከለም። የተለወጠው፣ ሌላ አማራጭ እያለው መግጨትን የመረጠ ተጫዋች ጭንቅላት ቢያገኝ ኃላፊነቱ የእሱ መሆኑ ነው።

የኮሊንግዉድ ወገን፦ በ2023 የእኛው ብሬይደን ሜይናርድ የሜልበርኑን ተጫዋች አንገስ ብሬይሾውን ገጭቶ ሳይቀጣ ቀረ። እኔ ኮሊንግዉድን እደግፋለሁ፤ ቢሆንም እስከ ዛሬ ውሳኔው ልክ መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም። እርስዎ ምን ይላሉ?

መላሽ፦ ስምና ዓመት ጠቅሰው ስለጠየቁ አመሰግናለሁ፤ ይህን በሰፊው እመልሳለሁ።

ጊዜው ሴፕቴምበር 7 ቀን 2023፣ ቦታው የሜልበርኑ ኤምሲጂ ስታዲየም፣ ጨዋታው ኮሊንግዉድ ከሜልበርን ጋር ያደረገው የፍጻሜ ዙር ግጥሚያ ነበር። ብሬይሾው እየሮጠ ኳሷን ወደ ፊት ሲመታ፣ ሜይናርድ ምቱን በእጁ ለማፈን እጆቹን ዘርግቶ ከፊት ለፊቱ ዘለለ። ኳሷ አለፈችው፤ እሱ ግን ገና አየር ላይ ነበር። ሲወርድ ሰውነቱን ወደ ጎን አዞረ፣ ክንዱን ሰበሰበ፣ ትከሻውም የብሬይሾው ጭንቅላት ላይ አረፈ። ብሬይሾው ራሱን ስቶ ወደቀ፤ ከሜዳ የወጣው በቃሬዛ ነው። ገምጋሚው ሹም ማይክል ክርስቲያን ክስ አይገባም የሚል አቋም ነበረው፤ አዲስ የተሾመችው የሊጉ የጨዋታ ኃላፊ ላውራ ኬን ግን ጉዳዩ ወደ ችሎት እንዲሄድ አደረገች። ኮሊንግዉድ ሰው አየር ላይ ሳለ ሰውነቱን ምን ያህል መቆጣጠር እንደሚችል የሚያስረዳ የባዮሜካኒክስ ባለሙያ አቀረበ። ችሎቱም ለሰዓታት ከሰማ በኋላ፣ ለማፈን መዝለሉ ምክንያታዊ ነበር፣ ከዘለለ በኋላም አስቦ ለመወሰን ጊዜ አልነበረውም ብሎ ነጻ አወጣው። ሜይናርድ በዚያው ወር ዋንጫ አነሣ። ብሬይሾው ከዚያ ቀን በኋላ አንድም ጨዋታ ሳይጫወት በፌብሩዋሪ 2024፣ በ28 ዓመቱ፣ በሐኪሞች ምክር ጨዋታ አቆመ።

እኔ ውሳኔው በወቅቱ በነበረው መመሪያ ትክክል ነበር ባይ ነኝ፤ መመሪያው ግን ጉድለት ነበረበት። ክርክሩ ሁሉ አየር ላይ ስለሆነው ነገር ነበር፤ ትከሻውን ለምን አዞረ፣ እጁን ለምን አልዘረጋም ሲባል ተዋለ። ሰው ግን አየር ላይ ከወጣ በኋላ አቅጣጫውን አይመርጥም። የመረጠው መሬቱን ሲለቅ ነው፤ ስለዚህ ሊጠየቅ የሚገባው፣ ሊዘል ሲል ፊት ለፊቱ እየሮጠ የሚመጣ ሰው መኖሩንና የሚያርፈው በዚያ ሰው ላይ መሆኑን ማወቅ ነበረበት ወይ የሚለው ነው። ሊጉ ለ2024 መመሪያውን ያሻሻለው በዚሁ አቅጣጫ ነው፤ ምት ለማፈን ከመሬት ተነሥቶ የተጋጣሚውን ጭንቅላት የመታ ተጫዋች፣ ግጭቱን ለማስቀረት የሚቻለውን ካላደረገ በቀር፣ ቢያንስ በቸልተኝነት ይጠየቃል። ብዙዎች ይህን በሜይናርድ ላይ የተላለፈ የዘገየ ፍርድ አድርገው ያዩታል፤ እኔ ግን ቀጣዩ ተጫዋች ከመዝለሉ በፊት እንዲያስብ የወጣ ደንብ አድርጌ ነው የማየው።

ከፐርዝ፦ የብሬይሾው ቤተሰብ ያሳዝናል። በ2018 የአንገስን ወንድም አንድሩ ብሬይሾውን የዌስት ኮስቱ አንድሩ ጋፍ በቡጢ መትቶ መንጋጋውን ሰብሮት 8 ጨዋታ ታግዷል፤ ዌስት ኮስት ዋንጫ ሲያነሣ ጋፍ አልተሰለፈም። ታዲያ የአንዱ ወንድም ጉዳት 8 ጨዋታ፣ የሌላው ባዶ?

መላሽ፦ አደራ ያልኩትን ረሱት። የጋፍ ጥፋት ኳስ በሌለበት የተሰነዘረ ቡጢ ነው። ሁለቱ ጉዳቶች የአንድ ቤት መሆናቸው ሁለቱን ድርጊቶች አንድ አያደርጋቸውም።

የካርልተን ደጋፊ፦ ስለ ፓትሪክ ክሪፕስም ይንገሩን። በ2022 ትክክለኛው ፍርድ የተሰጠው በይግባኝ ነው።

የብሪዝበን ነዋሪ፦ ትክክለኛ ፍርድ? ክሪፕስ ዘልሎ ካለም አህ ቺን ገጨው፤ አህ ቺ አንጎሉ ተናውጦ ከጨዋታ ወጣ። ገምጋሚው 2 ጨዋታ ቀጣው፣ ችሎቱም አጸናው። ይግባኝ ሰሚው ሰረዘለትና በዚያው ዓመት ምርጥና ጨዋ ተጫዋች የሚሸለመውን የብራውንሎው ሜዳሊያ ወሰደ።

የካርልተን ደጋፊ፦ በ29 ድምፅ ነው የወሰደው። ማንም አልሰጠውም፣ ሠርቶ አገኘው።

የብሪዝበን ነዋሪ፦ እገዳው ጸንቶ ቢሆን የታገደ ተጫዋች ሜዳሊያውን አይወስድም ነበር። በ1997 ክሪስ ግራንት ብዙ ድምፅ አግኝቶ በአንድ ጨዋታ እገዳ ምክንያት ሜዳሊያው ለሮበርት ሃርቪ አልሄደም? ለአንዱ ጥብቅ፣ ለሌላው ልል የሆነ ሕግ ሕግ አይደለም።

የካርልተን ደጋፊ፦ በአንድ ድምፅ የተበለጠው የእርስዎ የብሪዝበኑ ላቺ ኒል እኮ...

መላሽ፦ ይብቃ። የሜዳሊያው ጉዳይ እዚህ የሚያስፈልገን ለአንድ ነገር ብቻ ነው። ይግባኝ ሰሚው ቦርድ ክሪፕስ አላጠፋም አላለም፤ ችሎቱ ለተጫዋቹ ቀርቦለት መልስ ባልሰጠበት ነጥብ ላይ ተመሥርቶ በመወሰኑ የሥነ ሥርዓትና የሕግ ስህተት ፈጽሟል ነው ያለው። ድርጊቱ ልክ ነበር ብላችሁ ለልጆቻችሁ እንዳታስተምሩ። ቪዲዮውን ደግማችሁ እዩት።

ጀማሪ ተመልካች፦ ታዲያ የሜይናርድ ቅጣት ስንት ነበር?

መላሽ፦ ከላይ ተመልሷል። እባክዎ አንብበው ይጠይቁ።

ከፐርዝ፦ እሺ፣ በስምና በዓመት ልጠይቅ። በ2024 ጂሚ ዌብስተር ጃይ ሲምፕኪንን ገጭቶ 7 ጨዋታ፣ ዳን ሂውስተን አይዛክ ራንኪንን ገጭቶ 5፣ ፒተር ራይት ሃሪ ከኒንግሃምን ገጭቶ 4 ተቀጡ። በሦስቱ መካከል ያለውን ልዩነት ማየት አልቻልኩም።

መላሽ፦ አሁን የሚገባውን ጠየቁ። ሦስቱም ተጎጂዎች ጭንቅላታቸውን ተመትተዋል፤ በጉዳቱ ብቻ ቢለካ ቅጣቱ ተቀራራቢ መሆን ነበረበት። ልዩነቱን የሠራው ምርጫው ነው። ዌብስተር ኳሱን የመታ ተጫዋች ላይ ዘግይቶ፣ መሬት ለቅቆ፣ በትከሻው ሄደ፤ ኳሱን የማግኘት ሐሳብ አልነበረውም። ሂውስተንም ኳሱን ከመሻማት ይልቅ ዓይኑ ኳሱ ላይ የነበረውን ሰው መግጨት መረጠ። ራይት ግን ከአየር የምትወርድ ኳስ ሊይዝ እየሮጠ ነበር፤ ከመሻማቱ ሳይሆን ግጭቱ እንደማይቀር ባየ ጊዜ ራሱን ለመከላከል ትከሻውን ከማስቀደሙ ነው የተጠየቀው። እንግዲህ ከ4 እስከ 7 ያለው ርቀት ትርጉም አለው፤ እኔ በራይት ላይ 4 በዝቷል የሚል እምነት ቢኖረኝም።

የምቃወመው ግን ሌላ ነገር ነው። በሠንጠረዡ «የምቱ ክብደት» የሚባለው በአብዛኛው የሚታወቀው ከሐኪም ሪፖርት ነው። ሁለት ተጫዋቾች በአንድ ቀን አንድ ዓይነት ታክል (ተጋጣሚን ይዞ መጣል) ይሠራሉ፤ ሁለቱም የተጋጣሚያቸውን ሁለት እጆች አጥብቀው ይዘው ወደ መሬት ያዞሩታል። እጁ የተያዘ ሰው ሲወድቅ ፊቱንና ጭንቅላቱን የሚያሳርፍበት ነገር የለውም፤ ሙሉ ክብደቱ በጭንቅላቱ ይወርዳል። አንደኛው ተጎጂ ተነሥቶ ይሮጣል፣ ሌላኛው ራሱን ይስታል። የመጀመሪያው ታክል ሠሪ በገንዘብ ይቀጣል ወይም በነጻ ይሄዳል፣ ሁለተኛው 3 ጨዋታ ይታገዳል። ሁለቱ ያደረጉት ግን አንድ ነው። መመሪያው ለከፋ ጉዳት ሊዳርግ የሚችል ድርጊትንም ገምጋሚው እንዲመዝን ይፈቅዳል፤ በተግባር ግን ሐኪሙ ዝም ካለ ገምጋሚውም ዝም ይላል። ቅጣት ዕጣ እንዳይሆን ከተፈለገ፣ እጅ ይዞ ማሽከርከር ማንም ሳይጎዳ በየሳምንቱ መቀጣት አለበት። ተጫዋቾች የሚማሩት ከአሥር ታክል አንዱ ሲያስቀጣ አይደለም፤ አሥሩም ሲያስቀጡ ነው።

የዚህ አሠራር መዘዝ በጁላይ 2024 ታየ። ቶቢ ቤድፎርድ ቲም ታራንቶን፣ ቻርሊ ካሜሮን ሊያም ዱጋንን ታክል አድርገው እያንዳንዳቸው 3 ጨዋታ ተፈረደባቸው፤ ይግባኝ ሰሚው ግን የሁለቱንም ሰረዘ። ከውጤቱ ተነሥቶ ወደ ኋላ የሚሄድ ፍርድ ጥፋቱ የቱ ጋ እንደነበር ሲጠየቅ መልስ ያጥረዋል።

አሮጌ ተከላካይ፦ ታዲያ ጉዳት ያላደረሰውን ሁሉ ብንቀጣ ማን ሊጫወት ነው?

የፉትስክሬይ እናት፦ ወንድሜ፣ ልጆቻችን ሜዳ ላይ ናቸው። እርስዎ ስለ ጨዋታው ክብር ይጨነቃሉ፣ እኔ ስለ ልጄ ጭንቅላት።

አሮጌ ተከላካይ፦ እህቴ፣ እኔም አባት ነኝ። ልጅ ገላውን መጠበቅ የሚማረው ሌሎችን ሲገጭና በሌሎች ሲገጭ ነው፤ ሕግ አይጠብቀውም።

መላሽ፦ ልጅ አወዳደቅንና አያያዝን ከአሠልጣኝ ይማራል፤ ከኋላ የመጣበትን ትከሻ ግን በልምድ አያስቀረውም። የመግጨት ምርጫ ያለው ገጪው ነው፤ ስለዚህም ኃላፊነቱ የገጪው ነው።

ሰላም ለሁሉ፦ ኤኤፍኤል ስለ ጭንቅላት ጉዳት ምን እያደረገ ነው?

መላሽ፦ ይህን በአንድ መልስ መመለስ አይቻልም። ምን ማወቅ እንደፈለጉ ለይተው ይጠይቁ።

ሰላም ለሁሉ፦ ለምሳሌ ስለ ሲቲኢ። የቀድሞ ተጫዋቾችስ ያቀረቡት ክስ?

መላሽ፦ ክሱ በማክስ ሩክ ስም በ2023 በቪክቶሪያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የተከፈተ የቡድን ክስ ነው፤ የሚመለከተው የሊጉን የጥንቃቄ ግዴታ እንጂ የተጫዋችን ቅጣት ስላልሆነ አልገባበትም። ሲቲኢ በተደጋጋሚ የጭንቅላት ምት የሚመጣ የአንጎል በሽታ ሲሆን በእርግጠኝነት የሚረጋገጠው ከሞት በኋላ በአንጎል ምርመራ ብቻ ነው። በቀድሞዎቹ ተጫዋቾች በግራሃም ፋርመር፣ በዳኒ ፍራውሊ፣ በሼን ተክ፣ ከሴቶች ሊግም በ28 ዓመቷ በሞተችው በሄዘር አንደርሰን ተገኝቷል። ከዚህ በላይ ሐኪም ጠይቁ፤ እኔ ሐኪም አይደለሁም።

ከራሴ ሥራ ጋር የሚገናኘውን ግን ልናገር። የቪክቶሪያ የሞት መርማሪ ዳኛ በ2023 መጨረሻ በሼን ተክ ጉዳይ ላይ ከሰጧቸው ምክሮች አንዱ ንክኪ ያለበት ልምምድ እንዲገደብ የሚል ነው። በልምምድ ሜዳ ገምጋሚ ሹም የለም፣ ችሎት የለም፣ ቪዲዮውን የሚያይ ሕዝብም የለም። ቅጣት ብቻውን ጭንቅላትን አያድንም የምለው ለዚህ ነው፤ ቅጣት የሚደርሰው ቅዳሜና እሑድ በካሜራ ፊት በሆነው ላይ ብቻ ነው።

የፉትስክሬይ እናት፦ ጋሼ፣ የእኔ ጥያቄ የችሎት አይደለም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የ13 ዓመት ልጄ ባለፈው እሑድ ሲጫወት ጭንቅላቱን ተመትቶ ሐኪሙ ኮንከሽን (የአንጎል መናወጥ) ነው አለ። አሠልጣኙ «ኤኤፍኤል ተጫዋቾች በ12 ቀን ይመለሳሉ፣ እሱም በሁለት ሳምንት ይጫወታል» አለኝ። የገጨውስ ልጅ ይከሰስ ወይ?

መላሽ፦ ይቅርታ አያስፈልግም፣ እህቴ፤ ዛሬ ከመጡት ጥያቄዎች ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። አሠልጣኙ ተሳስቷል። 12 ቀን ከ2021 ጀምሮ የክለብ ሐኪም በየቀኑ ለሚከታተላቸው የኤኤፍኤል ተጫዋቾች የተቀመጠ ዝቅተኛ ጊዜ ነው። ለአካባቢ ጨዋታ ከ2024 ጀምሮ ያለው መመሪያ ቢያንስ 21 ቀን ይላል፤ ንክኪ ወዳለበት ልምምድ ለመመለስም 14 ቀን ያለ ምንም ምልክት ማለፍ አለበት። ራስ ምታቱ ወይም ድካሙ ከቀጠለ ጊዜው ይረዝማል፣ ከመመለሱ በፊትም ሐኪም ሊያየው ይገባል። ይህን ለአሠልጣኙ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይላኩለት፤ ግልባጩንም ለክለቡ ጸሐፊ።

ስለ ሌላው ልጅ፣ በመጀመሪያ ምን እንዳደረገ ይጠይቁ። ኳሱን ሲሻማ ከሆነ ክስ አይኑር። እጁን ይዞ አሽከርክሮት ወይም ኳስ በሌለበት ገጭቶት ከሆነ፣ ልጅዎ ነገ ደህና ሆኖ ቢነሣ እንኳ ለሊጉ ያመልክቱ።