ሦስተኛው ቱቦ የት ይግባ?

የእርሻ መሣሪያ ገጽ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የማርሰው ኮምቦልቻ ዙሪያ፣ ቦርከና ዳር ነው። ባለ 30 ፈረስ ጉልበት ትንሽ ትራክተር አለኝ። ከፊት ሎደር አለው፤ የኋላ ማንሻውም ደህና ይሠራል። ነገር ግን ከኋላ ለሌላ መሣሪያ ዘይት የሚሰጥ መውጫ የለውም። ገልባጭ ተሳቢና በሃይድሮሊክ የሚገለበጥ ማረሻ ላሠራበት አስቤአለሁ። ራሴ ልግጠመው? ምን ምን ልግዛ?

መልስ፦ ራስዎ ሊገጥሙት ይችላሉ። መፍቻ መያዝ የሚያውቅና ለንጽሕና የሚጠነቀቅ ሰው ዕቃው ከተሟላለት በሁለት ቀን ይጨርሰዋል። ሥራውን የሚያበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ዘይቱ የሚሄድበትን መንገድ አለማወቅ ነው። ስለዚህ አንድ ብሎን እንኳ ከመግዛትዎ በፊት መንገዱን በወረቀት ይሳሉት።

በአብዛኞቹ ትንንሽ ትራክተሮች ላይ ያለው ባለ ጥርስ ፓምፕ ሞተሩ እስከዞረ ድረስ መግፋቱን አያቆምም። ማንም የቫልቮቹን መቆጣጠሪያ ዘንግ ባይነካ ዘይቱ በቫልቮቹ መሀል አልፎ ዘይት ቤቱም ወደሆነው ካምቢዮ ይመለሳል። ይህ መሀሉ ክፍት የሆነ አሠራር ይባላል፤ የሚገዙትም ቫልቭ የዚሁ ዓይነት መሆን አለበት። የእርስዎ ትራክተር ቅደም ተከተል እንዲህ ይሆናል፦ ከፓምፑ ወደ ሎደሩ ቫልቭ፣ ከሎደሩ ወደ አዲሱ የኋላ ቫልቭ፣ ከዚያ ወደ ማንሻው። ማንሻው ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ይሆናል፤ የተጠቀመበት ዘይት በቀጥታ ወደ ካምቢዮው ቤት ስለሚወርድ ከእሱ ቀጥሎ ምንም ማሠራት አይቻልም።

አዲሱ ቫልቭ ላይ የላቲን ፊደላት ተቀርጸው ያገኛሉ። «ፒ» ከፓምፕ የሚመጣው መግቢያ ነው። «ቲ» ወደ ዘይት ቤቱ የሚመለሰው ነው። «ኤ» እና «ቢ» ወደ ሲሊንደሩ ይሄዳሉ። ከእነዚህ ሌላ በታፖ (በመድፈኛ ብሎን) የተደፈነ አንድ ቀዳዳ አለ፤ ዘይቱን ከነግፊቱ ወደሚቀጥለው ቫልቭ የሚያሳልፈው እሱ ነው፤ ሻጮች «ፓወር ቢዮንድ» ይሉታል። ታፖው ወጥቶ በቦታው ለብቻው የሚሸጥ ባለ ቀዳዳ ቁራጭ ይገባል። ይህ ቁራጭ የመሀሉን መንገድ ከ«ቲ» ይለየዋል። ቫልቩን ሲገዙ ቁራጩን አብረው ይግዙ፤ ጥርሱና ርዝመቱ እንደ ቫልቩ ሞዴል ስለሚለያይ በኋላ የሚስማማውን ማግኘት ያስቸግራል። መሀሉን የሚዘጋ ሌላ ታፖ ለዚሁ ቀዳዳ እንደሚሸጥም ይወቁ። እሱ ለሌላ ዓይነት አሠራር ነው፤ በስሕተት ከገባ ፓምፑ መውጫ ያጣል።

እንግዲህ ወደ ቫልቩ የሚደርሱት ዋና ቱቦዎች ሦስት ናቸው። አንዱ ወደ «ፒ» ይገባል። ሁለተኛው ከቁራጩ ወጥቶ ወደ ማንሻው ይሄዳል። ሦስተኛው ከ«ቲ» ወደ ካምቢዮው ይመለሳል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሦስተኛውን ለመቆጠብ ሲል ሁለት ቱቦ ብቻ ዘርግቶ «ቲ»ን ወደ ማንሻው በመቀጠሉ ነው። መጀመሪያ ላይ ስለሚሠራ ትክክል ይመስላል። ይሁን እንጂ ማንሻው ከባድ ነገር ሲያነሣ በመስመሩ ያለው ግፊት 150 ባርና ከዚያ በላይ ይደርሳል፤ የ«ቲ» ወገን ደግሞ ለተመላሽ ዘይት ብቻ የተሠራ ነው። አንድ ቀን በዘንጎቹ ጫፍ ያለው ኦሪንግ (ዘይት የሚያግደው የጎማ ቀለበት) ይተፋል፤ ከባሰም የቫልቩ አካል ራሱ ይሰነጠቃል። ይህን ያህል አጥብቀን የምንናገረው ስንጥቁ የሚመጣው ሸክም ተነሥቶ ሰው አጠገብ በቆመበት ሰዓት ስለሆነ ነው።

ሦስተኛው ቱቦ በካምቢዮው ቤት ላይ ወዳለ ትርፍ ታፖ ይግባ፤ ጫፉ ከዘይቱ ወለል በታች ቢሆን ይመረጣል። ከላይ የሚፈስ ዘይት አረፋ ያመጣል። ፓምፑ በሚስብበት መስመር ላይ በፍጹም አይቀጥሉት። ስፋቱም ከመግቢያው ቱቦ አይነስ፤ ቧንቧ የጠበበበት ተመላሽ ዘይቱን ያሞቃል።

ቀጥሎ የሚታየው ግፊት ሲበዛ ዘይቱን የሚለቀው የግፊት ማስተንፈሻ ቦታ ነው። በአንዳንድ ትራክተሮች ፓምፑ አጠገብ ይገኛል፤ ያኔ አዲሱን ቫልቭም ይጠብቃል። በሌሎቹ ግን ማንሻው ክዳን ውስጥ ነው። እንዲህ ከሆነ አዲሱን ዘንግ ሲስቡ ዘይቱ ማስተንፈሻው ጋ ሳይደርስ ወደ ሲሊንደሩ ይታጠፋል፤ ሲሊንደሩ ጫፍ ሲደርስ ፓምፑን የሚያድነው የለም። ስለዚህ የራሱ ማስተንፈሻ ያለው ቫልቭ ይግዙ፤ በትራክተሩ መመሪያ ከተጻፈው ግፊትም አያሳልፉት። የግፊት መለኪያ ሳይሰኩ የማስተንፈሻውን ብሎን ማጥበቅ በጨለማ መተኮስ ነው።

መጠኑን በስሌት ያግኙት። የፓምፑ መጠን በአንድ ዙር 12 ሲሲ ቢሆንና በደቂቃ 2,200 ጊዜ ቢዞር 26 ሊትር ገደማ ይሰጣል፤ ለዚህ በደቂቃ 40 ሊትር የሚያሳልፍ ቫልቭ ይበቃል። የውስጥ ስፋቱ 80 ሚሊ ሜትር፣ ምቱ (የሚገፋበት ርዝመት) 600 ሚሊ ሜትር የሆነ ሲሊንደር 3 ሊትር ይይዛል፤ ከ7 ሰከንድ በኋላ ጫፍ ይደርሳል። በ150 ባር የሚገፋው 7.5 ቶን ያህል ነው። ባለ ብዙ እርከን ሲሊንደር ግን ከዚህ እጅግ የበለጠ ዘይት ይወስዳል። ተሳቢው ሙሉ በሙሉ ተነሥቶ ሳለ በካምቢዮው ውስጥ የሚቀረው ዘይት ከመለኪያው ዝቅተኛ ምልክት በታች ከወረደ ፓምፑ አየር ይስባል።

ለሁለቱ መሣሪያዎች ባለ ሁለት ዘንግ ቫልቭ ያስፈልጋል፤ የሚፈልጉት ዘንግ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ማረሻው በሁለት በኩል የሚገፋ ሲሊንደር ስላለው «ኤ»ም «ቢ»ም ያስፈልጉታል። ገልባጭ ተሳቢ ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቱቦ ብቻ አለው፤ የሚወርደው በራሱ ክብደት ነው። በተራ ዘንግ ቢያወርዱት ፓምፑ ወደ ተዘጋው ወገን ይገፋና ሣጥኑ እስኪወርድ ድረስ ማስተንፈሻው ያፏጫል፤ ዘይቱም ይፈላል። ስለዚህ ሁለተኛው ዘንግ ሁለቱን ወገኖች በአንድ ጊዜ ወደ ተመላሽ የሚከፍት ተጨማሪ ቦታ ያለው ይሁን። ሻጩን «ፍሎት አለው?» ብለው ይጠይቁት።

ለቱቦ ሁለት ሽቦ ንጣፍ ያለውን ይምረጡ። ግማሽ ኢንቹ 275 ባር፣ ባለ ሦስት ስምንተኛው 330 ባር ይችላል። አንድ ንጣፍ ያለው 160ና 180 ባር ብቻ ስለሚችል ማስተንፈሻው 180 ላይ ለተሞላ ትራክተር አይበቃም። ለሦስቱ ዋና ቱቦዎች ግማሽ ኢንች፣ ወደ መውጫዎቹ ለሚሄዱት አራቱ ሦስት ስምንተኛ ይሁን። ግማሽ ኢንቹን ራዲየሱ (ከመሀል እስከ ጠርዝ ያለው) ከ180 ሚሊ ሜትር ባነሰ ክብ አያጥፉት። ጫፎቹ በማሽን የተጨመቁ ይሁኑ፤ በብሎን የሚጠብቅ ማሰሪያ ለውሃ ቱቦ ነው። ቱቦ ሲቆረጥ የጎማና የሽቦ ብናኝ ውስጡ ይቀራል፤ ከመግጠምዎ በፊት በንጹሕ ዘይት አጥበው በአየር ይንፉት።

የማገናኛ ጥርስ ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣ ስሕተት ነው። የእንግሊዙ የቧንቧ ጥርስና የአሜሪካው በግማሽ ኢንች ላይ ሁለቱም በአንድ ኢንች 14 ጥርስ ስላላቸው ይገባሉ፤ ሆኖም የአንዱ የጥርስ ማዕዘን 55 ዲግሪ፣ የሌላው 60 ነው። ጠብቆ ይቆማል፣ ሲሞቅ ያንጠባጥባል። የቻይና ዕቃ ከሆነ ደግሞ የሚሊ ሜትር ጥርስ ይበዛበታል። የወጣውን ታፖ ይዘው ሱቅ ይሂዱ፤ በእጅ እስከ መጨረሻ የማይዞረውን በመፍቻ አያስገድዱ። ቴፍሎን አይጠቅልሉ፤ ተቆርጦ ዘንጉ ላይ ይነክሳል። ቀጥ ላለ ጥርስ ጎማ ያለው የብረት ቀለበት (ሮንዴላ) ይጠቀሙ።

ቫልቩን 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ለጥ ያለ ላሜራ ላይ ያሥሩት፤ ላሜራውንም ቀድሞ በነበሩ የብሎን ቀዳዳዎች ይያዙት። የመገልበጥ መከላከያው ብረት ላይ አይብሱ፣ አይበይዱ። ላሜራው ጠማማ ከሆነ ብሎኑ ሲጠብቅ የቫልቩን አካል ያጣምመዋል፤ ከዚያ ዘንጎቹ ወደ መሀል መመለስ እምቢ ይላሉ። ማንሻውን ከታች እስከ ላይ እያንቀሳቀሱ ክንዶቹም ሆኑ የሚዞረው ዘንግ ቱቦ እንዳይነኩ ይዩ።

በሥራው ቀን ትራክተሩን በደንብ ይጠቡ፤ አቧራ የሃይድሮሊክ ዋና ጠላት ነው። ማንሻውንና ሎደሩን መሬት ያሳርፉ፣ ሞተር ያጥፉ፣ ዘንጎቹን ሁሉ ወዲህ ወዲያ አድርገው ግፊቱን ይልቀቁ። የተፈታውን ቀዳዳ ሁሉ ወዲያው ይድፈኑ። ገጥመው ሲጨርሱ በቫልቩ ውስጥ ዘይት ያፍሱ፤ ሞተሩን አስነሥተው በዝግታ ለሁለት ደቂቃ ይተዉት። በመጀመሪያ ማንሻውን፣ ቀጥሎ ሎደሩን፣ በመጨረሻ አዲሶቹን መውጫዎች ይሞክሩ። ዘይቱን እንደገና ለክተው ይሙሉ፤ ከ10 ሰዓት ሥራ በኋላ ፊልትሮውን ይቀይሩ።

ማንጠባጠብ ሲፈልጉ ካርቶን ያሳልፉበት፤ እጅዎን አያስጠጉ። በመርፌ ቀዳዳ የሚወጣ ዘይት ቆዳን በስቶ ይገባል። ቁስሉ ትንሽ ነጥብ ቢመስልም፣ ባያምምም፣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ሄዶ «ግፊት ያለው ዘይት ነው የገባብኝ» ማለት ይገባል፤ የዘገየ ሰው ጣቱን ወይም እጁን ያጣል። ከተነሣ ተሳቢ ሥርም ሣጥኑ በብረት ሳይደገፍ አይግቡ።

ጥያቄ፦ ከደሴ ነው የምጽፈው። የኋላ መውጫ ካስገጠምን ወዲህ ጠዋት ጠዋት ፓምፑ ይጮኻል፤ ማንሻውም እየተንቀጠቀጠ ይነሣል። ከሰዓት በኋላ ይሻለዋል። ዳገት ላይ ሲሆን ይብስበታል።

መልስ፦ ምልክቶቹ ፓምፑ በቂ ዘይት መሳብ እንዳቃተው ያሳያሉ። ፓምፕ ዘይትን በራሱ ብቻ አይስብም፤ ከላይ የሚጫነው አየር ይገፋለታል። በባሕር ጠለል የአየር ግፊት 1 ባር ገደማ ነው፤ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች 0.75 ባር ያህል ብቻ ቀርቷል። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ስለሆነች 0.81 አካባቢ አላት። የጦሳ ተራራ ብርድ ያወፈረው ዘይት ሲጨመርበት ሌላ ቦታ የማይታወቅ ትንሽ መደፈን እዚህ ይጮኻል።

መጀመሪያ ዘይቱን ይለኩ፤ አዲሶቹ ቱቦዎችና ሲሊንደሮች የወሰዱትን ሳይተኩ የሄዱ ገጣሚዎች ብዙ ናቸው። ዳገት ላይ የሚብሰውም የጎደለው ዘይት ወደ አንድ ጎን ሸሽቶ የመሳቢያውን አፍ ስለሚገልጥ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ የመሳቢያውን ወንፊት ያጽዱ። ከዚያ ከፓምፑ በፊት ያለውን መጋጠሚያ ያጥብቁ፤ እዚያ የላላ ቦታ አየር ያስገባል እንጂ ዘይት አያንጠባጥብም፣ ስለዚህ በዓይን አይገኝም። ዘይቱ ወተት ከመሰለ ቀድተው በጠርሙስ ያስቀምጡት፦ በሰዓታት ውስጥ ከጠራ አየር ነበር፤ እንደ ደፈረሰ ከቀረ ውሃ ገብቶበታልና ይቀየር። ጠዋት ደግሞ ሞተሩን 5 ደቂቃ በዝግታ ሳያሠሩ ሸክም አያንሡ።

ማንሻው ጨርሶ ካልተነሣ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ከላይ የተጠቀሰው ቁራጭ አልገባም ወይም ቱቦዎቹ ተቀያይረዋል። ሞተሩ ገና ሲነሣ ካቃሰተ በፍጥነት ያጥፉት፤ መንገዱ የሆነ ቦታ ተዘግቷል።

ጥያቄ፦ የጎደለውን በሞተር ዘይት ልሙላው? (ከሐርቡ)

መልስ፦ አይሙሉ። ካምቢዮውና ሃይድሮሊኩ አንድ ዘይት በሚጠቀሙበት ትራክተር ላይ ብዙውን ጊዜ ፍሬኑም በዚያው ዘይት ውስጥ ይሠራል። የትራክተር ካምቢዮና ሃይድሮሊክ ተብሎ የሚሸጠውን፣ መመሪያው የሚያዘውን ቁጥር ይግዙ። ሃይድሮሊኩ የራሱ ዘይት ቤት ካለው መመሪያው ለብቻው ይጽፈዋል።

ጥያቄ፦ ተሳቢው ፀሐይ ላይ ውሎ ቱቦው አልሰካ ይላል። በመዶሻ ልምታው? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ መዶሻ የማገናኛውን ጫፍ ያበላሻል። ቱቦው ውስጥ የቀረው ዘይት ሞቆ ስለሰፋ ግፊቱ ጫፉን ይዞታል። ጥላ ሥር እስኪበርድ ይጠብቁ። ለወደፊቱ ከመንቀልዎ በፊት ሣጥኑን ሙሉ በሙሉ ያውርዱ፣ ሞተር ያጥፉ፣ ዘንጉን በሁለቱም አቅጣጫ ያንቀሳቅሱ፣ ከዚያ ይንቀሉ። ጫፎቹን በሁለቱም ወገን በክዳን ይሸፍኑ፤ ክዳን ከሌለ ንጹሕ ላስቲክ ይሰሩባቸው።