የምዕራብ መስኮት፦ ፀሐይዋም የጎረቤት ዓይንም እንዳይገቡ

ከድሬዳዋ የጻፉልን ጠያቂ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። የሳሎናቸው መስኮት ወደ ምዕራብ የዞረ ነው፤ ፊት ለፊቱም ሌላ ሕንፃ ቆሟል። የሚያብረቀርቅ ፊልም (መስታወት ላይ የሚለጠፍ ስስ ፕላስቲክ) ከውስጥ አስለጥፈው ቀን ቀን ከጎረቤት ዓይን ተገላግለዋል። ማታ መብራት ሲበራ ግን ሳሎናቸው ከማዶ ወለል ብሎ ይታያል፤ ሙቀቱም እንደጠበቁት አልቀነሰም። «በላዩ ላይ ጠቆር ያለ ፊልም ልደርብበት?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

እባክዎ አይደርቡ። ጥቁር ፊልም የፀሐይዋን ሙቀት ይመጠዋል እንጂ ወደ ውጭ አይመልሰውም፤ ከመጠጠውም ከፊሉ ወደ ክፍልዎ ይገባል። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ መዳፍዎን ወደ መስታወቱ ቢያስጠጉ ግለቱ ሳይነኩት ይሰማዎታል። የባሰው ደግሞ የመስታወቱ መሃል እየጋለ በአልሙኒየሙ ውስጥ የተደበቀው ጠርዝ ቀዝቀዝ ብሎ ሲቀር ነው። ጠርዙ ሲቆረጥ ተሸርፎ ከነበረ ከዚያው ይሰነጠቃል።

የሚያብረቀርቀው ፊልም የሚደብቀው በጨለማው በኩል ያለውን ነው። ቀን የሚበራው ውጭው ነው፣ ማታ ግን ውስጡ። «ማታም አያሳይም» ብሎ ለሚሸጥልዎ ገንዘብዎን አይስጡ።

ሙቀቱን ማስቆም የሚቻለው ፀሐይዋ መስታወቱን ሳትነካ ነው። ተራ መስታወት ከፀሐይ ሙቀት ከ80 በመቶ በላይ ያሳልፋል፤ ከዚያ ወዲያ ወፍራም መጋረጃ ቢጋርዱ መጋረጃው ራሱ ግሎ ክፍሉን ያሞቃል። ከመስኮት በላይ የሚወጣ የኮንክሪት ጥላም ለሰሜንና ለደቡብ መስኮት ግሩም ነው እንጂ ለእርስዎ አይበቃም፤ ከ10 ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ በሥሩ ትገባለች።

ለእርስዎ የምመርጠው ከውጭ የሚታሰር አግዳሚ የአልሙኒየም ሉቨር፣ ማለትም ወደ ውጭ ዝቅ ያሉ ጠባብ ቅጠሎች ከላይ እስከ ታች የተደረደሩበት መከለያ ነው። ሥራው የሚበላሸው ቅጠሎቹ ሲራራቁ ነው። የእያንዳንዱ ቅጠል የታችኛው ጠርዝ ከሥሩ ካለው ቅጠል የላይኛው ጠርዝ ዝቅ ማለት አለበት። እንዲህ ከሆነ የምሽቷ ፀሐይ አታልፍም፤ ትይዩ ወይም ከላይ ያለ ጎረቤትም ቀንም ማታም አያይዎትም፤ ከታች ቀና ብሎ የሚያይ ሰው ቢበዛ ኮርኒስዎን ነው የሚያየው። ባለሙያው ሁለት ቅጠል ይዞ ያሳይዎት፤ በመካከላቸው በቀጥታ ወደ ማዶ ሲመለከቱ ሕንፃው ከታየዎት ይቀራረቡ። ቀለሙ ነጣ ያለ ይሁን፣ ከመስታወቱም አንድ ጋት ያህል ይራቅ፤ የሞቀው አየር በዚያ ሽቅብ ይወጣል። ብሎኑ ግድግዳውን ይያዝ እንጂ የመስኮቱን ፍሬም አይንካ። የሕንፃውን የውጭ ገጽታ ስለሚለውጥ አስቀድመው ከነዋሪዎች ኮሚቴ ጋር ይነጋገሩ።

አቅም ካልፈቀደ የቀርከሃ ጥቅል መጋረጃ ከውጭ ይስቀሉ፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነፋሱ ብርቱ ስለሆነ ግርጌውን በሁለቱም ጎን ያሳስሩት። ማታ ግን በቀርከሃው ክፍተት ብርሃን ስለሚያልፍ ከውስጥ ጫፉ ከቆመ ሰው ቁመት በላይ የሚደርስ ደፈን ያለ የጥጥ መጋረጃ ይጨምሩ፤ ከሱ በላይ ያለው ክፍት ይቅር። በድሬዳዋ ምሽት መስኮት ተከፍቶ አየር መግባት አለበት፤ በተከፈተ መስኮት ላይ ደግሞ ፊልም ምንም አይከልልም።

አሁን ያለውን ፊልም አያስነሱት፤ ጥቂትም ቢሆን ሙቀት ይመልሳል።