ቀይ ሽብር ለምን «ዘር ማጥፋት» ተባለ?

ጥያቄ፦ በቀይ ሽብር የተገደሉት በዘራቸው ሳይሆን በፖለቲካ አቋማቸው ነው። ታዲያ በደርግ ባለሥልጣናት ላይ የተሰጠው ፍርድ ለምን «ዘር ማጥፋት» አለው?

መልስ፦ እርስዎን ያጋጠመው ጥያቄ ዳኞችንም አከራክሯል። የተባበሩት መንግሥታት የዘር ማጥፋት ስምምነት (እ.ኤ.አ. 1948) የሚጠብቃቸው ቡድኖች አራት ናቸው፤ ብሔራዊ፣ የጎሳ፣ የዘርና የሃይማኖት። ፖለቲካ የለበትም። ኢትዮጵያ ስምምነቱን ከሁሉም ቀድማ ሰኔ 24 ቀን 1941 ዓ.ም. አጸደቀች፤ በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 281 ግን «የፖለቲካ ቡድን»ን ጨመረችበት። ክሱ የቆመው በዚህች ቃል ላይ ነው።

ዐቃቤ ሕግ በዚያው ክስ አንቀጽ 522ን፣ ማለትም ከባድ የሰው ግድያን፣ በአማራጭ አቅርቧል። ምክንያቱም በ281 መግደሉ ብቻ አይበቃም፤ ቡድኑን በሙሉ ወይም በከፊል የማጥፋት ሐሳብ መረጋገጥ አለበት። ብዙ የዘር ማጥፋት ክስ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። በእኛ ጉዳይ የደርግ የራሱ ወረቀት ረድቷል፤ «አብዮታዊ እርምጃ ይወሰድበት» (ማለትም ይገደል) የሚል ትእዛዝ፣ ከሥሩ ፊርማ። ስንት ቤተሰብ በዚያች አንድ መስመር ልጁን አጣ!

ፍርዱ ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. በድምፅ ብልጫ ተሰጠ። በሐሳብ የተለዩት ዳኛ የፖለቲካ ቡድን ጥበቃው በደርግ አዋጆች ተሽሯል ብለው ጥፋተኝነቱን በግድያ ወስነውታል።