መልስ፦ የአየርላንዳዊ አያት የትግል ማስረጃ ከየት ይጀመራል?

የባለቤትዎ አያት ከብሪታንያ ጋር በተደረገው የነጻነት ጦርነት (እ.ኤ.አ. 1919–1921) የአይአርኤ (የአየርላንድ ሪፐብሊካን ጦር) ታጋይ ነበሩ ቢባልም ወረቀት አላገኘንም ላሉት፦ ከስማቸው በፊት መንደራቸውን ይያዙ። የ1911 የሕዝብ ቆጠራ በአየርላንድ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ድረ ገጽ በነጻ አለ፤ ዕድሜና አድራሻ ከዚያ ይውሰዱ። ጆን መርፊ የሚባል ሰው በየመንደሩ ስለሞላ ያለ መንደር የሌላ ሰው ፋይል ይዘው ይመለሳሉ። ስሙን በአይሪሽ ቋንቋም ይሞክሩት፤ ጆን፣ ሾን ሆኖ ሊመዘገብ ይችላል።

ቀጥሎ ደብሊን ያለው የጦር ኃይሎች ቤተ መዛግብት የጡረታ ፋይሎች ናቸው። የ1924ቱ የጡረታ ሕግ በአዲሱ የአየርላንድ መንግሥት ብሔራዊ ጦር ያገለገሉትን ነበር የሚመለከተው፤ ጦርነቱን የቋጨውን ከብሪታንያ ጋር የተደረገ ስምምነት ተቃውመው የተዋጉት በር የተከፈተላቸው በ1934ቱ ነው። ፋይል ጠፋ ማለት ግን አልታገሉም ማለት አይደለም፤ ጡረታውን ጨርሶ ያልጠየቁ ብዙ ናቸው። ያኔ ተኩስ አቁም በተደረገበት ዕለት፣ እ.ኤ.አ. ጁላይ 11 ቀን 1921፣ የነበሩ የአይአርኤ አባላትን በየሻምበሉ የሚዘረዝሩትን መዝገቦች ይዩ። ዝርዝሩ የተሰባሰበው ከዓመታት በኋላ በ1930ዎቹ ስለሆነ የተዘለለ ስም አይጠፋም።

ቤት ውስጥ ጥቁርና ቡኒ ጥብጣብ ያለው ሜዳሊያ ካለ ጥብጣቡን ልብ ይበሉ፦ «ኮምራክ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ትንሽ የብረት አግዳሚ ካለበት ውጊያ ላይ ለተሰማራ የተሰጠ ነው፤ ከሌለው ለአባልነት ብቻ።