የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ሱስ ላይ ላሉ ሰዎች የቀን ማረፊያ ስናዘጋጅ

ጥያቄ፦ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አጠገብ አራት ክፍልና ትንሽ ግቢ ያለው ቤት ተከራይተናል። ጎዳና የሚያድሩ፣ ማስቲሽና ቤንዚን የሚስቡ፣ ትራማዶል የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ የሚውጡ፣ አረቄ የሚጠጡ ወጣቶች ቀን ቀን እየገቡ እንዲያርፉበት ነው ያሰብነው። በቀን ወደ 30 ሰው እንጠብቃለን። ከየት እንጀምር?

መልስ፦ ከውኃው ጀምሩ። ቀለሙ፣ ሶፋውና ቴሌቪዥኑ ይደርሳሉ። ጎዳና ያደረ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው ገላውንና ልብሱን መታጠብ፣ ከዚያም ማንም ሳያስነሣው መቀመጥ ነው፤ ምክርና ምርመራ የሚሰማው ከዚያ ወዲያ ነው። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ግማሾቹ ማለትም 15 ሰዎች በባልዲ 20 ሊትር እየያዙ ቢታጠቡ 300 ሊትር ይሆናል። ለእጅ መታጠቢያና ለመጸዳጃ ቤት በሰው 15 ሊትር ብትይዙ 450፣ ለልብስ አጠባ 200፣ ለወለል፣ ለዕቃና ለሻይ 100። በቀን 1,050 ሊትር መጣ። ውኃው በፈረቃ በሦስት ቀን አንዴ የሚለቀቅበት ሰፈር ከሆነ ከ3,000 ሊትር በላይ ማጠራቀም አለባችሁ፤ ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ሁለት ግዙ። አንዱ ሲሞላ ውኃው ብቻ ሁለት ቶን ስለሚመዝን በእንጨት ቆጥ ላይ እንዳትሰቅሉት፣ መሬት ላይ የሲሚንቶ መደብ ሥሩለት።

ቀጥሎ በሩ ነው። ዩኒፎርም የለበሰ ጥበቃ አታቁሙ፣ መታወቂያም አትጠይቁ። ሙሉ ስም የሚጻፍበት መዝገብ ፖሊስ ዘንድ ይደርሳል ብሎ የሚፈራ ሰው ሁለተኛ አይመጣም፤ ለቁጥጥር ቅጽል ስምና የትውልድ ዓመት ይበቃችኋል። ጩኸትና ማባረር ደግሞ ከማስቀየምም አልፎ ሊገድል ይችላል። ቤንዚንና ማስቲሽ የሳበ ሰው ልብ በድንጋጤ ለሚመነጨው አድሬናሊን በጣም ስሱ ይሆናል፤ ተባርሮ ሲሮጥ ምቱ ተዛብቶ ባለበት ሊቆም ይችላል። ስለዚህ በር ላይ የምታስቀምጡት ሰው ድምፁ ዝግ ያለ፣ ቢቻል ሰፈሩ የሚያውቀው ይሁን።

ቡና ይፈላ፣ እንግዳ ተቀባይነት ያለ ቡና ምኑ ነው! ከሰሉ ግን ከቤት ውጭ ይሁን። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ተጉዞ ምድጃው ጋ ይደርሳል፤ እሳቱ የሚነሣው ጠርሙሱ ካለበት ርቆ ስለሆነ ማንም ቀድሞ አያየውም። የቤንዚንና የማስቲሽ ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበት ጥላ ያለው መደርደሪያ ከበሩ ውጭ፣ ከከሰሉ በተቃራኒው የግቢው ጫፍ አድርጉ። ቁጥር ስጧቸው፣ ሲወጡም መልሱላቸው። አስተዋፅኦ ያደረጉ ወዳጆቻችሁ «ለምን ይመለሳል?» ማለታቸው አይቀርም። እንደማይመለስለት ያወቀ ልጅ ደብቆ ይዞት ስለሚገባ ነው፤ ያኔ ቤንዚኑ ሰዎቹ ባሉበት ክፍል ውስጥ ሆነ ማለት ነው።

መቀመጫው በግድግዳ ዙሪያ ይሁን፤ ጀርባውን ለበር ሰጥቶ የሚረጋጋ የለም። ሁለተኛ መውጫ አብጁ፤ ጠብ ሲነሣ አንደኛውን በር የቆመበት ሰው ይዘጋዋል። ከአራቱ ክፍሎች አንዱን ለእንቅልፍ ተዉት፦ በላስቲክ የተለበጡ አራት ፍራሾች፣ በጎን ማስተኛት፣ በየ15 ደቂቃው ትንፋሽ ማየት።

የመጸዳጃ ቤቱ በር ወደ ውጭ ይከፈት። ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነ ራሱን ስቶ የወደቀው ሰው ራሱ በሩን ይይዘዋል። መቀርቀሪያው በሳንቲም ከውጭ የሚዞር ይሁን፣ ከሥሩም እግር የሚታይበት ክፍተት ይተው። ደም ሥር እንዳይታይ ተብሎ ሰማያዊ አምፖል የሚተከልበት አገር አለ፤ መርፌውን አያስቀረውም፣ ሰውየው አስቶ እንዲወጋ ብቻ ያደርገዋል። ነጭ አምፖል ስቀሉ። መርፌ የሚጠቀም ካለ ሴፍቲ ቦክስ (ያገለገለ መርፌ የሚጣልበት ሣጥን) አስቀምጡ፤ ሦስት አራተኛው ሲሞላ ታሽጎ ለጤና ጣቢያ ይሰጥ።

ለሴቶች በሳምንት ሁለት ከሰዓት ለይታችሁ ስጡ። ከወንዶች ጋር ተሰልፈው ገላ መታጠብ ካለባቸው አንዷም አትመጣም። ሞዴስና ልጅ የሚያስቀምጡበት ጥግ ይኑር።

ጥያቄ፦ የዕድር ሰብሳቢ ነኝ። ቤቱ ዱርዬ ወደ ሰፈራችን ይስባል ብለው ጎረቤቶች ተነሥተዋል። ምን ልበላቸው?

መልስ፦ ጎረቤትን በአብዛኛው የሚያስቆጣው ቤቱ ሳይሆን ሰልፉ ነው፣ አባቴ። በሩ 2 ሰዓት ላይ የሚከፈት ከሆነ ከ12 ሰዓት ጀምሮ የሰው ደጃፍ ላይ ይሰበሰባሉ። ግቢው በማለዳ ይከፈት፣ ወረፋው ውስጥ ይሁን። ከአዘጋጆቹ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ሁልጊዜ የሚነሣ ስልክ፣ እና በየቀኑ መንገዱን 100 ሜትር ያህል ግራና ቀኝ የሚያጸዳ ሰው። ሁለቱን በዕድሩ ቃለ ጉባኤ አስፍሩት።

ጥያቄ፦ ትራማዶል የወሰደ ልጅ ሲንቀጠቀጥ ክብሪት ጭረን እናሸትተዋለን። ልክ ነን?

መልስ፦ አይደላችሁም። ክብሪት መንቀጥቀጡን አያቆምም፣ ልብሱ ላይ ቤንዚን ካለ ደግሞ ያቃጥለዋል። ማንኪያም ጣትም አፉ ውስጥ አታስገቡ። ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉ፣ ሰዓት ያዙ፣ ሲያቆም በጎኑ አስተኙት። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ደግሞ ከጀመረው ለአምቡላንስ 907 ደውሉ።

ዝም ብሎ የሚያንኮራፋና ትንፋሹ የሚዘገይ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። የከንፈሩን ውስጥና ድዱን እዩ፤ አመድማ ወይም ሰማያዊ ከሆነ አየር አጥቷል። ደውሉ፣ አገጩን ቀና አድርጉ፣ አፍንጫውን ያዙና በየአምስት ሴኮንዱ አንድ ትንፋሽ ስጡት። የሠለጠነ ሰውና ናሎክሶን (እንደ ትራማዶል ያሉ መድኃኒቶች ያዳከሙትን ትንፋሽ የሚመልስ መድኃኒት) ካለ 0.4 ሚሊ ግራም ጡንቻ ላይ ይወጋል፤ በሁለት ሦስት ደቂቃ ትንፋሹ ካልተመለሰ ይደገማል። ቢነቃም አትልቀቁት፤ ናሎክሶን ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ውስጥ ሲያልቅ ትራማዶሉ ገና ሰውነቱ ውስጥ አለ።

ጥያቄ፦ ውጭ አገር እንደሚደረገው ዕፁን እዚያው የሚወስዱበት ክፍል ይኑረን?

መልስ፦ የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ክፍል በ1986 እ.ኤ.አ. በስዊዘርላንድ በርን ተከፈተ፤ የካናዳው ኢንሳይት በ2003 ቫንኩቨር ውስጥ ተከተለ። የተሠሩት በአብዛኛው ሄሮይን በመርፌ ለሚወስዱ ነው፣ በሕግ ፈቃድና በነርስ ጥበቃ። እኛ ጋ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 መጠቀሙንም ይቀጣል። ስለዚህ አይሆንም። የናንተ ቤት ሥራ ሰውየው ከወሰደ በኋላ እንዳይሞት ነው።

ጥያቄ፦ በየቀኑ አረቄ የሚጠጣን ሰው «ካላቆምክ አትግባ» ብንለውስ?

መልስ፦ አትበሉ። ለዓመታት በየቀኑ የጠጣ ሰው በአንዴ ሲያቆም ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ሊንፈራፈር፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ደግሞ የሌለ ነገር እያየ ሊቃዥ ይችላል፤ ይህ የሚገድል ሕመም ነው። ማቆም ከፈለገ በሐኪም ክትትል ይሁን። ጠዋት እጁ ሲንቀጠቀጥና ሲያልበው ካያችሁ አጥሚት ወይም ሾርባ ስጡት፤ ያኔውኑ አንድ ሰው አብሮት ጤና ጣቢያ ወይም አማኑኤል ሆስፒታል ይሂድ። ሪፈር ወረቀት ብቻ ይዞ ከሄደ መንገድ ላይ ይቀራል።