የሜካኒዝም ማሳያ ቤተ ሙከራ ለጀማሪ መሐንዲስ ይመጥናልን?

ውድ ጠያቂ፣ በመካኒካል ምህንድስና ተመርቀው አንድ ኮሌጅ የሜካኒዝም (እንቅስቃሴን የሚያስተላልፉና የሚለውጡ ተያያዥ ክፍሎች) ማሳያ ቤተ ሙከራ ረዳት መምህር አድርጎ ሊቀጥርዎ እንደፈለገ፣ አስቀድሞም የሙከራ ትምህርት እንዲሰጡ እንደጠየቀዎ፣ ጓደኞችዎ ግን «መሣሪያ ከማሽከርከር አያልፍም» ብለው ልብዎን እንደከፈሉት ጽፈውልኛል። በእኔ አስተያየት ሥራው ይመጥንዎታል፤ ይህ የሚሆነው ግን ማሽከርከሩን ለተማሪው ከለቀቁለት ነው።

በክራንክና ፒስተን ማሳያ ላስረዳ። ክራንኩ (የሚዞረው ክንድ) 5፣ እርሱን ከፒስተኑ ጋር የሚያያይዘው ማገናኛ ዘንግ 15 ሳንቲ ሜትር ቢሆን የፒስተኑ ሙሉ ጉዞ 10 ሳንቲ ሜትር ነው። መምህሩ ራሱ እያዞረ «ዙሪት ወደ ቀጥታ እንቅስቃሴ ተለወጠ» ቢል ተማሪው ራሱን ነቅንቆ ይወጣል። ማንም መሣሪያውን ሳይነካ «ክራንኩ ፒስተኑ ከላይኛው ጫፍ ካለበት ቦታ ተነሥቶ 90 ዲግሪ ሲዞር ፒስተኑ ምን ያህል ይወርዳል?» ብለው ቢጠይቁና መልሱን በጽሑፍ ቢያስይዙ ግን ብዙዎቹ የጉዞውን እኩሌታ፣ ማለትም 5 ሳንቲ ሜትር ይላሉ። ራሳቸው አዙረው ሲለኩ 5.9 ገደማ ያገኛሉ፤ ዘንጉ በማዘንበሉ በጉዞው አቅጣጫ ያለው ርዝመት ከ15 ወደ 14.1 ስለሚያጥር ነው። አንዳንዱ ጥፋቱን በመሣሪያው ማላከኩ አይቀርም (የላላ ፒን በእርግጥ ልኬት ያዛባልና ቀድሞ መፈተሹ የእርስዎ ድርሻ ነው)፤ ቀመሩን በቅንነት የሚፈልገው ግን ግምቱ ሲፈርስበት ነው።

ሥራው ዝቅ ያለ ነው ለሚሉዎት፣ ከኪነማቲክስ (የእንቅስቃሴ ጥናት) መሥራቾች አንዱ የሆነው ጀርመናዊው ፍራንዝ ሬሎ የማስተማሪያ ሞዴሎችን ይነድፍ እንደነበረ፣ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲም በ1882 እ.ኤ.አ. የሞዴሎቹን ስብስብ እንደገዛ ይንገሯቸው።

ከመፈረምዎ በፊት የቤተ ሙከራውን መመሪያ የማሻሻልና አዳዲስ ማሳያዎችን የመሥራት ፈቃድ ይኖርዎት እንደሆነ ይጠይቁ። ሥራው ቁልፍ መያዝና ንብረት መቁጠር ብቻ ከሆነ አይቀበሉት። ማሳያዎቹ እንቅስቃሴን እንጂ ጭነትንና የቁስ ጥንካሬን እምብዛም ስለማያሳዩ፣ ወደፊት ወደ ዲዛይን ሥራ ለመግባት ካሰቡ የስሌትና የካድ (በኮምፒውተር የመንደፍ) ልምምድዎን ጎን ለጎን ይቀጥሉ።

ለሙከራው ትምህርት ባለ አራት ዘንጉን ሜካኒዝም ቢመርጡ ጥሩ ነው። የማይንቀሳቀሰው ዘንግ 10፣ አዙሪው 4፣ አገናኙ 9፣ ተወዛዋዡ 8 ሳንቲ ሜትር ይሁኑ፤ አዙሪው ያለ ችግር ሙሉ ዙር ይዞራል። ከዚያ አዙሪውን በ8 ሳንቲ ሜትር ዘንግ ቢተኩት ምን እንደሚሆን ያስገምቷቸው። ብዙው ሰው ተወዛዋዡ ሰፋ አድርጎ ይወዛወዛል ብሎ ይጠብቃል፤ አዙሪው ግን ዙሩን ሳይጨርስ ይቆማል። የግራሾፍ ደንብ እንደሚለው ሙሉ ዙር የሚዞር ዘንግ እንዲኖር የአጭሩና የረጅሙ ድምር ከሌሎቹ ሁለቱ ድምር መብለጥ የለበትም፤ በፊት 14 ከ17 ያንስ ነበር፣ አሁን 18 ከ17 በልጧል። ይህን ቁጥር እርስዎ ከመናገርዎ በፊት ተማሪዎቹ ዘንጎቹን ለክተው ራሳቸው እንዲደርሱበት ጊዜ ይስጧቸው።