ማይክሮሲስቲስና ማይክሮሲስቲን፦ የላብራቶሪ ወረቀቱን እንዴት እናንብበው?

ጥያቄ፦ ቆቃ ሐይቅ አጠገብ ባለ ቀበሌ የውሃ ኮሚቴ አባል ነኝ። ውሃው አረንጓዴ ሲሆንብን ናሙና አስመረመርን። የመጣው ወረቀት አንድ ቦታ «ማይክሮሲስቲስ ኤስፒ»፣ ሌላ ቦታ «ማይክሮሲስቲን» ይላል። ባለሙያው ደግሞ በቃል «ሳያኖባክቴሪያ ነው» አለን። ሦስቱ አንድ ናቸው? አፍልተን ብንጠጣውስ?

መልስ፦ ከመጨረሻው እንጀምር፤ አፍልታችሁ አትጠጡት። ምክንያቱን ዝቅ ብለው ያገኙታል።

ሳያኖባክቴሪያ የትልቁ ቤተሰብ የጋራ መጠሪያ ነው፤ በፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን እየሠሩ ኦክስጅን የሚለቁ ባክቴሪያዎች ሁሉ በዚህ ስም ይጠራሉ። ድሮ «ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ» ይባሉ ነበር፣ ዛሬም የሚላቸው አለ። ይሁን እንጂ ሴላቸው ኒውክለስ ስለሌለው የሚመደቡት ከባክቴሪያ ጋር ነው። ማይክሮሲስቲስ ከእነዚህ የአንዱ ጂነስ (ተቀራራቢ ዝርያዎችን የሚያቅፍ ምድብ) ስም ነው። «ኤስፒ» ማለት መርማሪው ጂነሱን አውቆታል፣ ዝርያውን ግን አልለየም ማለት ነው፤ «ኤስፒፒ» ከሆነ ከአንድ በላይ ዝርያ አለ። ዝርያው ሲለይ ለምሳሌ «ማይክሮሲስቲስ ኤሩጂኖሳ» ተብሎ ይጻፋል። በቆቃ በተደጋጋሚ የተመዘገበውም ይኸው ነው።

ማይክሮሲስቲን ግን ሕይወት ያለው ነገር አይደለም። ሰባት አሚኖ አሲዶች በቀለበት ቅርጽ የተያያዙበት፣ ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ነው። ስሞቹ ቢያምታቱዎት መለኪያውን ይዩ፦ ባክቴሪያው የሚቆጠረው በሚሊ ሊትር ስንት ሴል ተብሎ ነው፤ መርዙ የሚለካው በሊትር ስንት ማይክሮ ግራም ተብሎ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለማይክሮሲስቲን ያስቀመጠው መጠን ዘወትር ለሚጠጣ ውሃ በሊትር 1 ማይክሮ ግራም፣ ለአጭር ጊዜ ደግሞ 12 ነው።

«ማይክሮሲስቲስ ተገኝቷል» የሚለውን «መርዝ ተገኝቷል» ብሎ ማንበብ የተለመደ ስህተት ነው። መርዝ የሚሠራውም የማይሠራውም በማይክሮስኮፕ ሲታይ አንድ ነው፤ የሚለየው በኬሚካል ወይም በጂን ምርመራ ብቻ ነው። በሌላ በኩል ማይክሮሲስቲስ አልታየም ብሎ መዝናናትም አይገባም፤ ፕላንክቶትሪክስና ዶሊኮስፐርመም የሚባሉትም ይህንኑ መርዝ ይሠራሉ።

ላብራቶሪውን አንድ ነገር ጠይቁት፦ «ከመለካታችሁ በፊት ሴሎቹን ሰብራችኋል?» ባክቴሪያው በሕይወት እስካለ ድረስ አብዛኛው መርዝ ያለው በሴሉ ውስጥ ነው። ናሙናው ተጣርቶ ፈሳሹ ብቻ ከተለካ ቁጥሩ አሳሳች ሆኖ ያንሳል። ናሙናው በረዶ እየሆነና እየቀለጠ ሴሎቹ ተሰብረው የሚለካው «ጠቅላላ ማይክሮሲስቲን» ነው የሚያስተማምነው።

ማፍላት የማይበጀውም ከዚሁ የተነሳ ነው። እሳቱ ሴሉን ያፈነዳዋል፣ መርዙ ወደ ውሃው ይወጣል፣ መርዙ ራሱ ደግሞ በመፍላት አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2014 በአሜሪካ የኦሃዮዋ ቶሊዶ ከተማ ከኢሪ ሐይቅ የምትቀዳው የቧንቧ ውሃ በዚህ መርዝ ሲበከል ለነዋሪው የተላለፈው ማስጠንቀቂያ «አትጠጡ፣ አታፍሉ» የሚል ነበር።

ክሎሪንም ቅደም ተከተል ይፈልጋል። መጀመሪያ በአሉሚኒየም ሰልፌት ማዝቀጥና በአሸዋ ማጣራት፣ ሴሎቹ ሳይሰበሩ እንዲወገዱ፤ ክሎሪን ከዚያ በኋላ። ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ቆይቶ የሚቀረው ነፃ ክሎሪን በሊትር 0.5 ሚሊ ግራም፣ ፒኤቹም (የውሃው አሲድነት ወይም አልካላይነት መለኪያ) ከ8 በታች መሆን አለበት። ባክቴሪያው ሲበዛ ራሱ የውሃውን ፒኤች ከፍ ስለሚያደርግ ሳትለኩ አትጨምሩ። ኮፐር ሰልፌት ሐይቁ ላይ መበተን ደግሞ ሁሉንም ሴል በአንዴ ገድሎ መርዙን ማስለቀቅ ነው። ለኮሚቴው የሚቀለው አረንጓዴ ስልባቦት ካረፈበት ዳርቻ አለመቅዳት፣ ከብትም ከዚያ እንዳይጠጣ መከልከል፣ ሌላ ምንጭ ካለም ወደዚያ መዞር ነው።

ወረቀቱ እስኪመጣ ግምት ከፈለጋችሁ ጓንት አድርጋችሁ፣ ከስልባቦቱ ሳይሆን ከሥሩ ያለውን ውሃ በብርጭቆ ማሰሮ ሦስት አራተኛ ሙሉ። ክዳኑን ገጥማችሁ ሳትነቀንቁ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት፤ በረዶ ግን እንዳይሠራ። ጠዋት አረንጓዴው ከላይ ቀለበት ሠርቶ ከተንሳፈፈ ሳያኖባክቴሪያ ሳይሆን አይቀርም፤ በሴሉ ውስጥ ያሉ የአየር ከረጢቶች ናቸው የሚያንሳፍፉት። ከታች ከዘቀጠ ተራ አልጌ የመሆኑ ዕድል ያመዝናል። ይህ መርዝ አለ የለም አይልም። እምቦጭን ከዚህ ጋር የሚያምታቱ ጠያቂዎችም አሉን፤ እምቦጭ ቅጠልና ሥር ያለው ተክል ነው፣ በእጅ ይነቀላል።

ጥያቄ፦ አንዱ የስፒሩሊና ዱቄት ማሸጊያ «አርትሮስፒራ» ይላል። ተጭበርብሬ ይሆን?

መልስ፦ አልተጭበረበሩም። በገበያ ስፒሩሊና የሚባለው፣ ለምግብ ማሟያነት የሚሸጠው ሳያኖባክቴሪያ፣ በሳይንሱ ለረጅም ጊዜ አርትሮስፒራ ሲባል የቆየው ነው፤ ስፒሩሊና የሚባለው ጂነስ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ የተወሰኑት ዝርያዎች ሊምኖስፒራ በሚል አዲስ ጂነስ ሥር እንዲገቡ ሐሳብ ስለቀረበ ሦስተኛ ስምም ሊያጋጥምዎ ይችላል። እኛም ዘንድ በቢሾፍቱ አረንጓዴ ሐይቅና በጪቱ ሐይቅ ይበቅላል፤ ሶዳ የበዛበት ውሃ ስለሚስማማው። ከስሙ ይልቅ ሻጩን የማይክሮሲስቲን ምርመራ ውጤት እንዲያሳይዎ ይጠይቁት፤ ማሳደጊያ ገንዳው ውስጥ ሌላ ሳያኖባክቴሪያ ከገባ ከዱቄቱ ጋር አብሮ ይደርቃልና።